«ወራጅ አለ» ማለት ለምትቸገር ዘፋኝ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 24 ዓመቴ ነው። ቤቴ ኮምቦልቻ ነው፤ የምሠራው ደሴ አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። ስናገር እንተባተባለሁ። ስዘፍን ግን አንድም ቃል አይዘኝም። ግጥም እጽፋለሁ፤ ወንድሜ ክራር ይመታልኛል። የጻፍኩት ሁሉ ስለ ፍቅር ነው። ስለ ራሴ ልጽፍ ስል ‹የተሰበረ ልቤ፣ የጨለመው ሕይወቴ› ዓይነት ነገር ይመጣብኛል፤ ሳነበው አፍራለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ‹ወራጅ አለ› ማለት እንኳ ስለሚያቅተኝ ሰፈሬን አልፌ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ይህን ችግሬን ሰው ፊት ልዝፈነው ወይስ ይቅርብኝ? ተማሪ እያለሁ ክፍሉን ሁሉ ያሳቀብኝ መምህር ነበር፤ ስሙንስ ብጠራው?»

እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። መናኸሪያዋ ላይ። ዘፈንሽ እሷ ናት።

አንቺ ግን ዘፈን አላልሻትም። ለችግርሽ ማሳያ እንድትሆን ጣል አድርገሻት አለፍሽ። ዘፈን ብለሽ የያዝሽው «የተሰበረ ልቤ»ን ነው። እሱን ስታነቢ የምታፍሪው ጉድለትሽን ስላወጣብሽ አይመስለኝም። ስላላወጣው ነው። የተሰበረ ልብ የማንም ነው። ሒሳቡን ከፍሎ፣ የገዛ ሰፈሩን በመስኮት እያየ አልፎ፣ መናኸሪያ ወርዶ፣ ያንኑ መንገድ በእግሩ የሚመለሰው ሰው ግን አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ጻፊው። ሰው ፊት መዝፈኑ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ እንዴት እንደሚጻፍ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። ደሴ ላይ ወጣቶችን ግጥምና ዜማ ሳስተምር ብዙዎቹን ሲያደናቅፍ ያየሁት እዚህ ጋ ነው።

ከሁሉ በፊት ስለ መንተባተቡ ትንሽ ልበል። መንተባተብ ከፍርሃት አይወለድም። የእውቀት ማነስም አይደለም። አንጎል ንግግርን የሚያቀናጅበት መንገድ ላይ ያለ ልዩነት ነው፤ በዘርም ይወረሳል። ፍርሃት ያባብሰዋል እንጂ አያመጣውም። ከመቶ አዋቂዎች አንዱ ገደማ አለበት። በሴቶች ላይ ከወንዶች በጣም ያነሰ ነው። ምናልባት እንዳንቺ የምትንተባተብ ሴት አጋጥማሽ አታውቅ ይሆናል፤ ብቻዬን ነኝ የሚለው ስሜት ከዚያም ይመጣል። ሙሴም ምላሱ የተያዘ ሰው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስም ቁርኣንም ይህን አልደበቁበትም። እኛ ወሎ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሄደውም መድረሳ የሄደውም ልጅ ይህን ሰምቶ ነው የሚያድገው።

ስትዘፍኚስ ለምን አይዝሽም? ዜማው ድምፅሽን ሳብ፣ ረዘም ያደርገዋል። ምቱ ደግሞ ቀጣዩ ቃል መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይነግርሻል። ቃሉም የተጠና ነው፤ እዚያው አፍሽ ላይ ፈልገሽ አታመጪውም። ይህ ባንቺ ብቻ የሚታይ አይደለም። በየትም አገር ብዙ የሚንተባተቡ ሰዎች ሲዘፍኑ አይያዙም። ግን ከወዲሁ እወቂው፤ ዘፈኑ ንግግርሽን አይፈውስልሽም። ዘፍነሽ ጨርሰሽ «አመሰግናለሁ» ልትዪ ስትዪ ሊይዝሽ ይችላል። ለመዳን ብለሽ ከጻፍሽው ያን ሰዓት ክፉኛ ታዝኛለሽ። ራስሽን ለመናገር ብለሽ ከጻፍሽው ግን ያ «አመሰግናለሁ» ምንም አያፈርስብሽም።

አሁን ወደ ግጥሙ። ሰምና ወርቅ ትልቅ ሀብታችን ነው። አንዱ ቃል ላዩም ውስጡም ይናገራል። ለሚያፍር ሰው ግን ይህ ሀብት መደበቂያ ይሆናል። ተማሪዎቼን ሳይ ብዙ ጊዜ ሰም በሰም ላይ ይደርባሉ። አበባ፣ ጨረቃ፣ ወንዝ፣ ጉም። «ወርቁ ምንድን ነው?» ስላቸው ዝም ይላሉ። ወርቁን ለእኔ ስለደበቁት አይደለም። እነሱም አያውቁትም።

ወርቅ አንጥረኛ መጀመሪያ በሰም ቅርጹን ይሠራል። በጭቃ ይለብጠዋል። ከዚያ ሰሙን አቅልጦ ያፈስና በቦታው ወርቁን ያገባል። ስሙ የመጣው ከዚህ ሥራ ነው። ገጣሚ ግን በተለይ ስለ ራሱ ሲጽፍ መንገዱን ቢገለብጠው ይሻለዋል ባይ ነኝ። ወርቁን አስቀድሞ እጁ ላይ ያስገባ። ምን እንደሆነ በተራ ቃል ለራሱ ይንገረው። ሰሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ካስፈለገም ነው።

እኔም ተደብቄ አውቃለሁ። ማትሪክ ሳላልፍ የቀረሁ ዓመት ፒያሳ መውጣት አቆምኩ። ጓደኞቼ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲመጡ እንዳያገኙኝ በሰኞ ገበያ ዞሬ ነበር ቤቴ የምገባው። በዚያ ዓመት ብዙ ግጥም ጻፍኩ። ስለ ጦሳ ተራራ ጉም ጻፍኩ። ጥላኝ ስለሄደች ልጅ ጻፍኩ። ጥላኝ የሄደች ልጅ አልነበረችም። ግጥሞቹ ቤታቸውን ይመታሉ፤ የሰሙት ሰዎችም ወደዋቸዋል። እኔን ግን አንዳቸውም አላሳረፉኝም። ውስጣቸው አልነበርኩማ።

ያነቃኝ የአያቴ እንጉርጉሮ ነው። አያቴ ድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ ስትፈጭ ታንጎራጉር ነበር። እንጉርጉሮ የመድረክ ዘፈን አይደለም። ለጎረቤት የማይነገረው ለወፍጮው ይነገራል፤ የድንጋዩ ድምፅ ደግሞ ይሸፍነዋል። አያቴ ከተዳረች በኋላ ብዙ ዓመት ልጅ አልወለደችም ነበር። በእኛ አገር ይህ ለሴት ምን ማለት እንደነበር ታውቂያለሽ። እሷ ግን ስታንጎራጉር «መካን ሆኜ፣ ልቤ ተሰብሮ» አትልም። ስለ ቀሚሷ ነበር የምትለው። ጎረቤቶቿ የንጽሕናዋን ነገር ያደንቃሉ፤ ቀሚሷ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፣ ደረቅ ነው። ለምን ደረቅ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ልጅ አላረጠበውም። እናቴን ከወለደች በኋላም፣ እኔ ልጅ ሆኜም፣ ያንኑ የደረቅ ቀሚስ ግጥም ስትል ሰምቻታለሁ። ፊደል አልቆጠረችም። እኔ በመጽሐፍ ያልተማርኩትን ግን ታውቀው ነበር። ሐፍረቷን በስሙ ሳትጠራው፣ የሚነካ፣ የሚታጠብ ነገር ላይ አስቀመጠችው።

ያንቺ ቀሚስ መናኸሪያዋ ናት።

እንግዲህ ሥራውን እንጀምር። ለአራት ተከታታይ ቀን፣ በየቀኑ 15 ወይም 20 ደቂቃ ጻፊ። ግጥም አይሁን። ቤት አትምቺ። ዝም ብለሽ ጻፊ። አንድ ቀን የሆነውን ያዢ፤ የትኛው መኪና ነበር፣ የት ወንበር ላይ ተቀመጥሽ፣ ረዳቱ ምን ይል ነበር፣ ቃሉ የት ላይ ተያዘ፣ ቤትሽ በመስኮት ሲያልፍ በሩ ላይ ማን ነበር። ከዚያ ምን እንደተሰማሽ ጨምሪበት። ሁለቱም ይኑሩ።

ይህ ከራሴ ያመጣሁት አይደለም። ጄምስ ፔንቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ከባልደረባው ጋር ያሳተመው ጥናት አለ። ተማሪዎች ለአራት ቀን 15፣ 15 ደቂቃ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ አደረጉ። የሆነውንና የተሰማቸውን አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ሐኪም ዘንድ መመላለሳቸው ቀነሰ። በዚያው በጻፉበት ሰዓት ግን ከፍቷቸው ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ቀን ላይ ሆድ ቢብስሽ አትደንግጪ። ደብተሩን ዝጊ፣ ቡና አፍዪ፣ ከሰው ጋር ተጫወቺ። ሳምንት አልፎም እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ወይም መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን መጻፉን ተዪና ሐኪም ጋ ሂጂ። ይህን ለዘፈን ብለሽ እንዳትታገሺው።

አራቱ ቀን ሲያልቅ ደብተሩን ገልጠሽ በእጅ የሚዳሰሰውን፣ በጆሮ የሚሰማውን ነገር ሁሉ አስምሪበት። «ሐዘን»ን አታስምሪ። «በር»ን፣ «መስኮት»ን፣ «ዝርዝር ብር»ን አስምሪ። ግጥምሽ ካሰመርሽባቸው ቃላት ይወጣል።

አንዱን ከወዲሁ ልጠቁምሽ፤ አንቺው ጽፈሽልኛል። «ወራጅ»። ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚሸከም አይተሽዋል? ከመኪና የሚወርድ ሰው ወራጅ ነው። የሚፈስ ውኃም ወራጅ ነው። ቦርከና ደግሞ ከደሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ማታ ማታ አንቺ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርጂ እሱም ወደዚያው እየወረደ ነው። ሰምና ወርቁን ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብሽም።

መለኪያውን ታውቂው ይሆናል። የወል ቤት የምንለው አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ነው፤ ቀለም ማለት አፍ ባንድ ጊዜ የሚያወጣው የቃል ክፍል ነው። ሰንጎ መገን ደግሞ አምስት አምስት ነው። በጣትሽ ቁጠሪ። ስትቆጥሪ የሚባለውን እንጂ የሚጻፈውን ፊደል አትከተዪ፤ «ወራጅ» ሦስት ፊደል ነው፣ አፍ ላይ ግን ሁለት ነው። እኔ በወል ቤት ብሞክረው እንዲህ ይመጣልኛል፦

ከቤቴ ደጃፍ ላይ ወራጅ አለ ሳልል
መናኸሪያ ደርሶ እግሬ ይመለሳል።

ይህ ወርቁ ነው። ሰም የለውም። የሆነው ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ እዚህ ድረሺ። እዚህ ሳትደርሺ ወደሚከተለው አትለፊ፦

ድልድዩ ላይ ስትደርስ ቀስ በል ሹፌር ወንድም
ድምፁ አይሰማም እንጂ ወራጅ አለ ሁሌም።

አሁን ሰም ገባ። ለሚሰማው ሰው ከድልድዩ ሥር ስላለው ውኃ ነው። ላንቺ ድምፁ ስላልተሰማው ተሳፋሪ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ባይቀድመው ኖሮ ግን ስለ ወንዝ የተጻፈ ደህና ግጥም ሆኖ ይቀር ነበር። እነዚህን አራት መስመሮች አትውሰጂያቸው። እኔ ያንን መንገድ በእግሬ ተመልሼ አላውቅም። አንቺ ስትጽፊው እኔ ያላየሁት ነገር ይገባበታል፤ ምናልባት ጫማሽ፣ ምናልባት የዚያ ሰዓት ጀምበር፣ ምናልባት «ዛሬም አመሸሽ» የምትል እናት።

አንድ ነገር ልጨምር። «እኔ፣ እኔ» ማለቱ ሲከብድሽ ሆድሽን አናግሪው። «ሆዴ» በዪው። ዘፈናችን ይህን መንገድ ያውቀዋል። ሰው ሆዱን እንደ ሰው ቆሞ ሲያናግረው ከሕመሙ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላል። ራስን ከውጭ ሆኖ ማናገር ጭንቀትን እንደሚያረግብ በቅርብ ዓመታት የሥነ ልቦና ጥናቶችም አሳይተዋል። ለራስሽ የምትዪው ሲጠፋሽ ለሆድሽ የምትዪው አይጠፋም። ሆድሽን ደግሞ እንደዚያ መምህር አትሳለቂበትም፤ ታባብዪዋለሽ።

ስለ መምህሩ። ስሙን አትጥሪ። የምልሽ እሱን ለማዳን አይደለም። ልጅ ላይ ክፍል ያሳቀ ሰው በድሏል፤ ይህን ሳላድበሰብስ እናገራለሁ፣ እኔም መምህር ነኝና ያንገበግበኛል። ግን ስሙ የገባ ቀን ዘፈኑ የሱ ይሆናል። ሰው ሁሉ «ማነው? የት ነው ያለው? እውነት ነው?» ይላል። መናኸሪያዋን የሚያስታውስ አይኖርም። ከፈለግሽ ሳቁን አስገቢ። ሰላሳ፣ አርባ ልጅ አንድ ላይ ሲስቅ ጆሮ ላይ የሚቀረውን ድምፅ አስገቢ። ሰውየውን ተዪው።

ሰው ፊት መዝፈኑንስ? ኮምቦልቻና ደሴ ትንሽ ናቸው። አንዱ ቡና ላይ የተወራ ሌላው ቡና ላይ ይደርሳል። «ሰው ምን ይለኛል» ስትዪ ከንቱ ፍርሃት ነው አልልሽም፤ ሰው ይላል። ግን የተጻፈ ሁሉ ይዘፈን የሚል ሕግ የለም። የአያቴን ከወፍጮው ውጭ የሰማነው እኛ ልጆቿ ብቻ ነን። ያ ግጥም በዚህ አላነሰም።

መለኪያዬ እንዲህ ነው። ዘፈኑን ብቻሽን ዝፈኚው። መሐል ላይ ድምፅሽ ተሰብሮ መቀጠል ካቃተሽ ገና ነው፤ ይቆይ። ለወር፣ ለሁለት ወር አስቀምጪው። እያዘንሽም ቢሆን እስከ መጨረሻው ከሄድሽ አንድ ሰው ምረጪ። አንድ ብቻ። ወንድምሽ ክራር ስለሚመታልሽ እሱ ይመስለኛል። ቶሎ የሚያለቅስልሽን ሰው አትምረጪ። «አይዞሽ፣ ደግሞ ማን ያስተውለዋል» የሚልሽንም አትምረጪ፤ ክፋት የለውም፣ ግን ዘፈንሽን ይዘጋብሻል። ሰምቶ ዝም የሚል፣ ትንሽ ቆይቶም «ሁለተኛዋን ደግመሽ በያት» የሚል ሰው ፈልጊ።

መድረክ ላይ የወጣሽ ቀን ደግሞ ንግግር አይጠበቅብሽም። መናገር ከፈለግሽ መጀመሪያውኑ «ስናገር እንተባተባለሁ» በያቸው፤ እየተንተባተብሽ በያቸው። በዚህ ሙያ የሚሠሩ ሰዎችም የሚመክሩት ነው። ለመደበቅ የምታወጪው ጉልበት ይቀርልሻል። አድማጩም ምን እንደሆነ ስለገባው አብሮሽ አይጨነቅም።

የቀረው ቅኝቱ ነው። ትዝታ ብቻ እንደምትዘፍኚ እገምታለሁ፤ ስለ ራሱ የሚያዝን ሁሉ ወደ ትዝታ ይሮጣል። ትዝታን እወደዋለሁ። ግን ትዝታ ወደ ኋላ ይስባል፤ ያለፈውን ያስናፍቃል። ያንቺ ነገር አላለፈም። ነገ ማታም ሚኒባስ ውስጥ ነሽ። ባቲን ሞክሪው፤ ትንሽ ይነቃል፣ እግር አለው፣ ለሚራመድ ሰው ይሆናል። እኔ ግን አምባሰልን እመርጥልሻለሁ። ምክንያቴን ወንድምሽ ክራሩ ላይ ያሳይሽ። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በአምባሰል ግን ሬ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ትላለች፤ ከዚያ ፋ፣ ሶል፣ ከዚያ ላም ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብላ ትመጣለች። ያቺ ዝቅ ያለች ሬ ዶ ጥግ ላይ ትቆማለች። ቤቷ ደጃፍ ላይ ናት፤ ለመውረድ ግማሽ ድምፅ ብቻ ቀርቷታል። ሰሚው ጆሮው ይወጠራል፣ አሁንስ ወረደች ይላል።

አዝማቹ ላይ «ወራጅ»ን እዚያች ሬ ላይ ጀምሪው። «ወ»ን ሳቢው። «ራ» ላይ ቆዪ፤ ትንፋሽሽ እስከሚበቃሽ ቆዪ። ወንድምሽ ክራሩን ያቁም፣ ድምፅሽ ብቻውን ይሰማ። ከዚያ «አለ» ስትዪ ዶ ላይ ውረጂ።